በሎጋሪዝም የሚያሰላ ሰርኪዩት ሲነድፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቁጥሩን በ2 መሠረት የተወሰደ ሎጋሪዝም ስንመዘግብ ማባዛት መደመር፣ ማካፈል መቀነስ ይሆናል፤ ስኩዌር ሩት ማውጣትም ሎጋሪዝሙን በአንድ ቢት ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የማማክራቸው ተማሪዎች በዚህ ተደስተው የማባዣውን ፍጥነት ብቻ ይለኩና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ዋናው ሥራ ግን ቁጥሮቹን ራሳቸውን መደመርና መቀነስ ነው።

ለመደመር የትልቁን ሎጋሪዝም ይዘን፣ በሁለቱ ሎጋሪዝሞች ልዩነት መሠረት ከሰንጠረዥ የምናነበውን ማስተካከያ እንጨምርበታለን። በ8 የክፍልፋይ ቢት (ከነጥብ በኋላ ባለ ቢት) 2,560 ያህል መስመር ይበቃል፤ በ23 ቢት ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ስለሚያስፈልግ ሰንጠረዡን ማሳሳት፣ ማለትም የመስመሮቹን ብዛት መቀነስ፣ ግድ ነው።

ደጋግሜ የማየውና የሚያሳዝነኝ ስህተት የመቀነሻውንም ሰንጠረዥ በዚያው መንገድ ማሳሳት ነው። አንድ ተማሪ ከየአራቱ መስመር አንዱን ብቻ አስቀርቶ መካከሉን በቀጥታ መስመር ሞላው። ሁለቱ ግብዓቶች በተቀራረቡ ቁጥር ውጤቱ ይዘል ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ክሎኩን (የሰርኪዩቱን የጊዜ ምት) ስንመረምር ቆየን፣ እኔም አብሬው ተሳሳትሁ። ሙሉውን ሰንጠረዥ ስናትም ልዩነቱ 1/256 ሲሆን ማስተካከያው −8.53፣ 2/256 ሲሆን −7.53 መሆኑን አየን፤ ግብዓቱ አንድ እርምጃ ሲሄድ ውጤቱ 256 እርምጃ ይሄዳል፣ ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ማስተካከያው መጨረሻ የሌለው ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ለዜሮ ቅርብ የሆነው ክፍል ያልሳሳ የራሱ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ የተቀራረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ከግብዓቱ የመጣው ስህተት ጎልቶ ይወጣል፤ ይህን የሚያድን ሰንጠረዥ የለም፣ የስሌቱን ቅደም ተከተል መለወጥ እንጂ።

ዜሮ ሎጋሪዝም የለውም፤ ዜሮ መሆኑን የሚያመለክት የራሱ ቢት ይሰጠው። የ1 ሎጋሪዝም 0 ስለሆነ ሬጅስተርን (ቁጥር የሚያዝበትን የሰርኪዩት ክፍል) በዜሮ ቢቶች ሪሴት ማድረግ በውስጡ 1 ማስቀመጥ ነው፤ በመጀመሪያ ንድፌ የድምር ሬጅስተሬ ከ1 የጀመረው በዚህ ምክንያት ነበር።

የቁጥሩ ምልክትና የሎጋሪዝሙ ምልክት የተለያዩ ናቸው፤ ግማሽ ሎጋሪዝሙ −1 ቢሆንም ፖዘቲቭ ቁጥር ነው።

ቆጣሪንና የሜሞሪ አድራሻን በሎጋሪዝም አትያዙ፤ 1፣ 2 እና 4 በትክክል ይጻፋሉ፣ 3 ግን አይጻፍም።

ሚቸል በ1962 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን፣ ሎጋሪዝሙን በቀጥታ መስመሮች የሚተካ ግምት ለማባዛት የምትጠቀሙ ደግሞ ስህተቱ እስከ 11.1 በመቶ እንደሚደርስና ሁልጊዜ ወደ ታች እንደሚያደላ አስቡ። ምልክታቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ብዜቶች ሲደመሩ ስህተቶቹ እርስ በርስ አይጠፋፉም፤ ድምሩም ከእውነተኛው ዋጋ እንዳነሰ ይቀራል።