ሶላቴን እየሰገድኩ ሴኩላር የምሆነው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ቃሉን ለዩት። ብዙ ሰው «ሴኩላር» ሲባል «ሃይማኖት የለሽ» ብሎ ነው የሚሰማው። አጎቴም እንደዚያ መስሎት ሁለት ወር አኩርፎኝ ነበር። ትርጉሙ አላህን መካድ ከሆነ ከሸሃዳ (ከእምነት ምስክርነታችን) ጋር አይሄድም፤ አልከራከርም። እኔ የምለው ግን መንግሥት በእምነት ማንንም አያስገድድ ነው።

ቀጥሎ ኒያችሁን፣ ማለትም ለአላህ ብላችሁ የምታስቡትን ሐሳብ፣ አስቡ። ሶላት ያለ ኒያ አይሆንም፤ ኒያ ደግሞ ልብ ውስጥ ነው። ፖሊስ ፈርቶ የጾመ ሰው ተርቦ ነው የዋለው። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ 256ኛ አንቀጽ «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» ይላል።

ከአጎቴ ጋር ያግባባኝ ግን ታሪክ ነው። በ833 እ.ኤ.አ. የሙስሊሞች ገዢ የነበረው ኸሊፋ አል-መእሙን «ቁርኣን ፍጡር ነው» (ዘላለማዊ ሳይሆን አላህ የፈጠረው ነው) የሚለውን አቋም ይቀበሉ እንደሆነ ቃዲዎችን (ዳኞችን) እና ዑለማዎችን (የሃይማኖት ሊቃውንትን) ማስመርመር ጀመረ። ታላቁ ሊቅ ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል እምቢ አሉ። ታሰሩ። በቀጣዩ ኸሊፋ ዘመን ደግሞ ተገረፉ። ያስገረፋቸው የሙስሊም ገዢ ነው! ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ትክክለኛውን እምነት ልወስን የሚል መንግሥት መጀመሪያ የሚመታው አጥብቆ የሚያምነውን ነው።

የማይስማሙ ዑለማዎች ብዙ መሆናቸውን አትደብቁ። ግብፃዊው የሸሪዓ ዳኛ ዐሊ አብዱራዚቅ በ1925 እ.ኤ.አ. ኸሊፋነት የዲን (የሃይማኖት) ግዴታ አይደለም ብለው ሲጽፉ፣ በካይሮ ያለው የእስልምና ትምህርት ተቋም የአዝሀር ታላላቅ ዑለማዎች የዓሊምነት ማዕረጋቸውን ገፈዋቸዋል። የእነሱንም መከራከሪያ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ሥራ ቦታ ላይ ቀላል ነው። ለዙሁር (ለቀትር ሶላት) አሥር ደቂቃ ጠይቁ፤ ሌላው ሰው ሥራ እንዲያቆም ግን አትጠይቁ። በረመዳን አጠገባችሁ ምሳ የሚበላውን ተዉት። ግራ ሲገባችሁ ነገሩን ገልብጡት፦ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት በእኔ ላይ ሕግ ቢሆን እቀበላለሁ? እኔ አልቀበልም። ስለዚህ የእኔንም በሌላው ላይ አልጭንም።

የሚከብደው ገንዘብ ላይ ነው፤ ማንም ሳያስገድድ ከኪስ ማውጣት ይጠይቃል። ዘካዬን (ግዴታ የሆነብኝን ምጽዋት) እንድሰጥ የሚያስገድደኝ ስለሌለ ቀኑን መዝግቤ ይዣለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ካጠራቀምኩት ላይ 2.5 በመቶ ራሴ አሰላለሁ፤ በዚያው ሳምንት ለሚገባው ሰው አደርሳለሁ። ግብሬን ለብቻው እከፍላለሁ። ግብር ከፍያለሁ ብዬ ከዘካው አልቀንስም።