የጠጠረ የድርቆሽ ማሳ እንዴት ያገግማል?

የድርቆሽ ማሳ በየዓመቱ ስለማይታረስ አፈሩ ያረፈ ይመስላል። ግን በየአጨዳው ትራክተሩ፣ ማጨጃው፣ ማሰሪያውና ጋሪው ይመላለሱበታል። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ከብት ይለቀቅበታል። መሬቱ እርጥብ ከሆነማ ጉድ ነው። የእህል ማሳ ቢያንስ ላዩ በማረሻ ይፈታል፤ እዚህ ግን ጥጥሩ ዓመት በዓመት ይደራረባል።

ማሽን ከመከራየታችሁና ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱን ፈትሹ። ዝናብ ከጣለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ አፈሩ እርጥበት ሳይለቀው፣ ቀጭን ፌሮ በእጃችሁ ወደ ታች ግፉ። ደህና አፈር ላይ ብዙ ሳያታግል ይገባል። ድንገት እምቢ ካለ ጥልቀቱን ለኩ። አንድ ቦታ ሞክሮ መፍረድ አያዋጣም፤ ማሽን የሚገባበት በር አካባቢና የማሳው መሃል በጣም ይለያያሉ። አጥሩ ሥር፣ ጎማ ረግጦት የማያውቅ ቦታ ላይም ሞክሩና አወዳድሩ።

ቀጥሎ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ቆፍሩና አንድ ጓል ሳይሰበር በአካፋ አውጡ። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት። ጤነኛ አፈር እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይበተናል፤ የተጠቀጠቀው በአግድም ንጣፍ ንጣፍ እየሆነ ይሰነጠቃል። አሁን ሥሩን ተከተሉ። ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቆይቶ ወደ ጎን ከታጠፈ፣ ቦታውም ፌሮው ከቆመበት ጋር ከገጠመ፣ ጠጣሩን ንጣፍ አገኛችሁት ማለት ነው።

ሥሩ ሳይታጠፍ የሚወርድ ከሆነስ? ያኔ ማሳው የተራበ ሊሆን ይችላል። ድርቆሽ ተጭኖ ሲወጣ የአፈሩ ምግብም አብሮ ይወጣል፤ አንድ ቶን ድርቆሽ በግምት 20 ኪሎ ፖታሲየም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ቦታ የላይኛውን አፈር ሰብስቡ፣ በንጹህ ባልዲ አደባልቁና ለላቦራቶሪ ስጡ። ለአብዛኛው ሣር ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 6 አካባቢ ይበቃል፤ አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ግን ከ6.5 በላይ ይፈልጋል። አሲዱን ለመቀነስ ኖራ ካስፈለገ ቀደም ብላችሁ በትኑ፤ ላዩ ላይ የተበተነ ኖራ ወደ ታች የሚሰርገው በጣም ቀስ እያለ ነው።

ጥጥሩ የላይኛው አሥር ሴንቲሜትር ላይ ብቻ ከሆነ ሥራውን ለሥርና ለምድር ትል መተው ይሻላል። ከአጨዳ በኋላ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሣሩን ሳይሸፍን ስስ አድርጋችሁ በትኑ። ሣሩ የሳሳበት ቦታ ላይ ቀይ ክሎቨር የተባለውን የመኖ ተክል ዝሩ። ሥሩ ሲሞት የሚተወው ቀዳዳ ለውሃም ለቀጣዩ ሥርም መንገድ ይሆናል። አልፋልፋም ጥልቅ ሥር አለው፤ ውሃ የሚቋጥር መሬት ግን አይወድም። ጂፕሰም የተባለው ማዕድን ጥጥሩን ይፈታዋል የሚሏችሁም አይጠፉም። እሱ የሚረዳው በዋናነት ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው፤ የጎማን ጥጥር አይፈታም።

ንጣፉ ጥልቅ ከሆነ ብቻ በጥልቅ ሰንጣቂ ማረሻ ክፈቱት። ወሳኙ ነገር ድርቀቱ ነው። ከንጣፉ ጥልቀት አፈር አውጡና በመዳፋችሁ መካከል አሹት። እየተድበለበለ ቀጭን ክር ከወጣው ሥራውን አቁሙ፤ ማረሻው አፈሩን ሳይሰነጥቅ አለስልሶ ያልፈዋል። ከተፈረፈረ ግቡ፤ ከንጣፉ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት ይበቃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ ሠርቼ፣ ጎኑን እንዳለ ትቼ፣ በሚቀጥለው አጨዳ ሁለቱን አወዳድራለሁ። ነዳጅ ውድ ነው።

የተፈታ አፈር ደግሞ ተመልሶ ለመጠቅጠቅ ቅርብ ነው። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው የጎማ ምልልስ ስለሆነ፣ በየጊዜው አዲስ ቦታ ከመርገጥ ቋሚ መስመር ያዙ። የጎማውን ንፋስ አምራቹ እስከፈቀደው ድረስ ቀንሱ። የጭነት መኪና ዳር ላይ ይቁም። ዝናብ እየመጣ እርጥብ መሬት ላይ መግባት ግድ ከሆነ ጋሪው በግማሽ ጭኖ ይውጣ።