የአሜሪካ ኬብል ዜና ላይ የፖለቲካ ክርክር ስታዩ
ሲኤንኤን ወይ ፎክስ ላይ አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ሲጯጯህ ካያችሁ መጀመሪያ ከስሙ ስር የተጻፈችውን መስመር አንብቡ፣ ሪፖርተር ከሆነ ዜና የሚያጣራ ሰው ነው፣ ኮንትሪቢዩተር ካለ ግን ጣቢያው እየከፈለው አስተያየት የሚሰጥ ነው፣ ስትራቴጂስት የሚሉት ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ፓርቲ ሲሰራ የኖረ ሰው ነው። ይሄን ሳይለዩ ሁሉንም እኩል ማመን በጣም ነው የሚጎዳው! ከዛ የአቅራቢዋን ጥያቄ ያዙና መልሱን ጠብቁ፣ «ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም» ብሎ ከጀመረ እየሸሸ ነው። የሴናተር ንግግር ቆርጠው ካሳዩ ሙሉውን የአሜሪካ ምክር ቤቶችን ስብሰባ ሳይቆርጥ የሚያሳየው ሲ-ስፓን የሚባል ጣቢያ ላይ ፈልጉት፣ ሲኤንኤንም የፕሮግራሞቹን ጽሁፍ ዌብሳይቱ ላይ ስለሚያወጣ ማን ምን እንዳለ ቃል በቃል ታገኙታላችሁ። ማስታወቂያ ሲገባ ድምጹን ቀንሱና አብሯችሁ የሚያየውን ሰው ምን እንደገባው ጠይቁት።