ኦምሌቱን ከእሳት አውርዱት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሠልጣኝ የፈረንሳይ ኦምሌት ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እንቁላሉን ነጩና አስኳሉ እስኪዋሐዱ መታው፤ የገበታ ቅቤውን ሳያሳርር አቀለጠው፤ መጥበሻውን እየነቀነቀ በሹካ ሲያማስል እጁ ዓመታት የሠራ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ታቹ ረግቶ ላዩ ገና እርጥብ ሲሆን «አሁን ጠቅልለህ አውርደው» አልኩት። «ትንሽ ይቆይ፤ ገና ነው» አለኝ። ሳህን ላይ ሲደርስ ጠንክሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው ቢጫማ ውኃ አቆረ። ያን ሁሉ ጥሩ ሥራ ያበላሹት ሃያ ሰከንዶች ናቸው።

«ትንሽ ይቆይ» የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ሰማሁት! እንቁላል ከእሳት ስለወረደ መብሰሉን አያቆምም። የእንቁላል ሦስት አራተኛ ያህሉ ውኃ ነው። ነጩ 62 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው ሙቀት ይወፍራል፤ ተመትቶ የተቀላቀለው ደግሞ 73 አካባቢ ይረጋል። በዚያ ጊዜ ፕሮቲኖቹ እንደ መረብ ተያይዘው ውኃውን በመካከላቸው ይይዙታል። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ መረቡ ይጠብቅና ውኃውን ጨምቆ ያስወጣል። ሳህኑ ላይ የምታዩት ውኃ ከእንቁላሉ ጥራት ጋር አይገናኝም፤ የእናንተ መዘግየት ነው። መጥበሻውም ኦምሌቱም ሙቀታቸውን ይዘው ስለሚወርዱ ቀሪውን ሥራ ራሳቸው ይጨርሱታል። ስለዚህ ሳህኑን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ማንም ቢጠራችሁ ዞር አትበሉ፤ ሦስት እንቁላል በጋለ መጥበሻ ላይ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም የራቀ ጊዜ አይፈልግም። ለዓይናችሁ «ሊበስል ትንሽ ቀረው» ሲመስላችሁ፣ የሚወርድበት ጊዜ ያ ነው።

ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን ወይም ለአረጋዊ የምትሠሩ ከሆነ ግን ውስጡ ድረስ ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። ሆኖም የፈረንሳዩን ዓይነት አድርቃችሁ አታቅርቡላቸው። ሙሉ በሙሉ እንዲበስል ታስቦ የሚሠራ ኦምሌት አለ፤ የጣሊያኑን ፍሪታታ ሥሩላቸው። ረጋ ባለ እሳት ተጀምሮ ምድጃ ውስጥ ሊጠናቀቅ ይችላል፤ በስሎም ጣዕሙን አያጣም።

የአንዱን አገር ሕግ በሌላው ላይ መጫን

ከላይ ያልኩትን በቃሉ የያዘ ጀማሪ በዘይት ወደሚጠበሰው የታይላንድ ኦምሌት፣ ወደ ካይ ጂያው ሲሄድ ደግሞ በተቃራኒው ይስታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘይቱ ሲግል አይቶ ደነገጠና እሳቱን ቀነሰው። እንቁላሉ ሳያብጥ ዘይቱን ጠጥቶ ተኛ፤ ቢነሳ ከጠርዙ ዘይት ይንጠባጠብ ነበር። ካይ ጂያው ጥልቀት ባለው፣ በደንብ በጋለ ዘይት ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ እየፈሰሰ ይጠበሳል። የእንቁላሉ ውኃ በድንገት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የተመታውን እንቁላል ነፍቶ ያስነሳዋል፤ ጠርዙም ይንኮሻኮሻል። በፈረንሳዩ ላይ ነቀፋ የሆነው ቡናማ ቀለም እዚህ የሚፈለግ ነው። ጨው የሚሰጠው የዓሣ ሶስ ስለሆነ ሌላ ጨው አትደርቡበት።

እንቁላሉ የሚመታበት መንገድም እንዲሁ ነው። በፈረንሳይ ሞን ሳን ሚሼል ደሴት ላይ አኔት ፑላር በ1888 ከባለቤቷ ጋር በከፈተችው ማረፊያ ቤት የታወቀው ኦምሌት በመዳብ ጎድጓዳ ሳህን ለረጅም ጊዜ ተመትቶ አረፋ ከሆነ በኋላ፣ እጀታው በረዘመ መጥበሻ በእንጨት እሳት ላይ ይበስላል። ያን አረፋ በስስ ንብርብር እየተጠቀለለ ወደሚሠራው የጃፓን ኦምሌት፣ ወደ ታማጎያኪ ብትወስዱት ግን ንብርብሩ በአየር ቀዳዳ ይሞላል። ለታማጎያኪ ነጩን በመመገቢያ እንጨት እየቆራረጡ ማዋሐድ ይበቃል፤ አረፋ እንዳይነሳ የእንጨቶቹ ጫፍ ከሳህኑ ወለል አይለይም።

ታማጎያኪ ላይ ሌላም ስህተት አለ፤ እኔም ለብዙ ወራት ስሠራው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ስስ ንብርብር ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቄ እጠቀልለው ነበር። ሲቆረጥ ንብርብሮቹ እንደ ወረቀት ተለያዩ። ላዩ እርጥብ ሆኖ ሲጠቀለል ነው ከቀጣዩ ጋር የሚጣበቀው። አዲሱን እንቁላል ስታፈሱም ጥቅሉን አንሥታችሁ ከሥሩ እንዲገባ አድርጉ፤ በየንብርብሩ መካከል ባለ አራት ማዕዘን መጥበሻውን በዘይት ማበስ አትርሱ። ጀማሪዎች ዳሺ የሚባለውን መረቅ በብዛት ከሚቀበለው ከኦሳካና ከኪዮቶ ዓይነት ባይጀምሩ እመክራለሁ፤ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ይበጣጠሳል። ስኳር የሚበዛበት የቶኪዮው ዓይነት ጠንከር ስለሚል ለጀማሪ እጅ ይታዘዛል።

ቶርቲያ ላይ መቸኮል

የስፔኑን የድንች ኦምሌት፣ ቶርቲያን የምወደውን ያህል የምወደው ኦምሌት የለም፤ ሲበላሽ የምናደደውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰዎች ድንቹን በኃይለኛ እሳት ጠብሰው ቡናማና ደረቅ ካደረጉት በኋላ እንቁላል ያፈሱበታል። ይህ የተጠበሰ ድንች ላይ የፈሰሰ እንቁላል እንጂ ቶርቲያ አይደለም። ድንቹ በብዙ የወይራ ዘይት ውስጥ ረጋ ባለ እሳት፣ በማንኪያ ሲጫኑት እስኪፈረካከስ ድረስ ቀስ ብሎ ይብሰል። ዘይቱን አንጠፍጥፉ፤ ድንቹን ከተመታው እንቁላል ጋር ቀላቅላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት። በዚህ ጊዜ ድንቹ እንቁላሉን ይጠጣል፤ ሁለቱ አንድ አካል የሚሆኑትም ያኔ ነው። ይህችን ዕረፍት የሚዘሉ ሰዎች ሲቆርጡት ለምን እንደተበተነ ይጠይቁኛል።

ሽንኩርት ይግባ አይግባ በሚለው ስፔናውያን ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። እኔ ይግባ ባይ ነኝ።

ስትገለብጡት ከመጥበሻው የሚሰፋ ሳህን ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ ከመጥበሻው እኩል በሆነ ሳህን ገለበጥኩና ግማሹ ምድጃው ላይ ቀረ፤ ትኩሱ ዘይት የእጄን አንጓ አቃጥሎት ምልክቱ እስካሁን አለ። ደግሞም በጋሊሲያ፣ ቤታንሶስ በምትባል ከተማ የሚሠራው ቶርቲያ ያለ ሽንኩርት ነው፤ ሲቆረጥም መሀሉ ይፈስሳል። ይህን ቀምሰው «ጥሬ ነው» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ተሳስተዋል፤ የተሠራው እንዲፈስ ነው።

ኩኩ ሳብዚን በእንቁላል መሙላት

የኢራኑ ኩኩ ሳብዚ በቅጠላ ቅጠል የሚሠራ ኦምሌት ነው፤ ሲቆረጥ ጥቁር አረንጓዴ መሆን አለበት። በአዲሱ ዓመታቸው በኖውሩዝ ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ ነው። ዋናው ቅጠሉ ነው፤ ፓርስሊ፣ የድምብላል ቅጠል፣ የሽንኩርት ቅጠልና ሌሎችም። እንቁላሉ የሚገባው እነሱን ለማያያዝ ብቻ ነው። ሳህኑን ስታዩ «ቅጠሉ በዛ» ካላላችሁ አንሷል። ከታጠበ በኋላ ፈጽሞ ሳይደርቅ የተከተፈ ቅጠል ግን ውኃውን ይለቅና ኩኩው ይላሽቃል።

ውኃ የሚለቅ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይብሰል፤ እንጉዳይም፣ ስፒናችም፣ ቲማቲምም። ጥሬውን ኦምሌት ውስጥ የሚጠቀልል ሰው ውኃ እየጠቀለለ ነው።

ወተት አያስፈልግም።

ጨው አስቀድሞ ከገባ እንቁላሉን ያጠነክራል የሚባለው ትክክል አይደለም። ከመብሰሉ ሩብ ሰዓት በፊት የገባ ጨው ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ በኃይል እንዳይተሳሰሩ ያግዛል፤ የተመታው እንቁላል ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ኦምሌቱ ይለሰልሳል። እኔም ለረጅም ጊዜ በተቃራኒው ሳስተምር ነበር፤ ከእኔ የተማራችሁ ካላችሁ አርሙት።

ለሦስት እንቁላል 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው መጥበሻ ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ ስስ ሆኖ ወዲያው ይደርቃል። ቅቤው አረፋ ሲያወጣ ውኃው እየተነነ ነው፤ አረፋው ሲረግብና ገና ሳይቀላ እንቁላሉን አፍስሱ።

በመጨረሻ፣ እባካችሁ የብረት መጥበሻን በሽቦ አትፈትጉ። አንድ ቅን ረዳት ሊያስደስተኝ ብሎ ለኦምሌት ብቻ የለየሁትን ጥቁር መጥበሻ እስኪያብረቀርቅ ፈትጎ አስረከበኝ። ያ ጥቁር ሽፋን ቆሻሻ አልነበረም፤ ዘይት በሙቀት ተጋግሮ የሠራው፣ እንቁላል እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ሽፋን ነበር። በለስላሳ ጨርቅ ታጥቦ፣ እሳት ላይ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ቢታበስ ይበቃው ነበር። ሽፋኑን መልሼ እስክሠራ ድረስ ለብዙ ሳምንታት እንቁላል ሁሉ ተጣበቀብኝ።