ሁለት ቴስተር ሁለት ነገር ሲናገር፦ ከኳንተም ቮልት እስከ ጎንደር ሱቅ

ጎንደር ፒያሳ አንድ የሶላር ጥገና ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ። ጠጋኙ አንዱን የመኪና ባትሪ በሁለት ቴስተር ለካው። አንዱ 12.41 ቮልት አለ፣ ሌላው 12.63። አንደኛው «ሩብ ያህሉ ጎድሏል»፣ ሌላው «ሞልቷል» እንደማለት ነው። ማንን እንመን?

ቅዳሜ ገበያ ሚዛን ስንጠራጠር የታወቀ ኪሎ አምጥተን እንጭንበታለን። ቮልትም የራሱ የታወቀ ኪሎ አለው፤ ምንጩ ከብረት ሳይሆን ከኳንተም ፊዚክስ ነው።

በትልልቅ የመለኪያ ላብራቶሪዎች ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ የጆሴፍሰን ቺፕ (ማይክሮዌቭ ሲላክባቸው ትክክለኛ ቮልት የሚሰጡ ጥቃቅን መጋጠሚያዎች ያሉበት ቺፕ) በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 4 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ከዚያ በአቶሚክ ሰዓት የተገራ ማይክሮዌቭ ይላክበታል። በ75 ጊጋኸርዝ እያንዳንዱ መጋጠሚያ 155 ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) ያህል ይሰጣል። ለ10 ቮልት ከ64,000 በላይ መጋጠሚያዎች በተከታታይ ይያያዛሉ። ቮልቱ የሚወሰነው በፍሪኩዌንሲው እና ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥራቸው በተቆረጠላቸው ሁለት የተፈጥሮ ቋሚዎች (የፕላንክ ቋሚ እና የኤሌክትሮን ቻርጅ) ነው። ቺፑ ቢያረጅም ቢቀየርም ቮልቱ ያው ነው። እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ይህ ቮልት ከ10 ቮልት የዜነር ማጣቀሻ (የማይዋዥቅ ቮልት ከሚሰጥ መሣሪያ) ጋር ፊት ለፊት ይገጠማል፤ በመሃል ያለው ስሱ መለኪያ ልዩነቱን ብቻ ያነባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ብዙ ነው። ተርሚናሉን በጣት ከነካችሁት ይሞቃል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲሞቁ ደግሞ የራሳቸውን ማይክሮቮልት ይፈጥራሉ። ዝገት የያዘ መዳብ ከሁሉም የባሰ ነው። ስለዚህ ጫፉን አጽዱ፣ አጥብቁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ፖላሪቲውን ገልብጣችሁ ድጋሚ ለኩ። የሁለቱን ንባብ ልዩነት ለሁለት ስታካፍሉ ያ ሰርጎ ገብ ቮልት ተጣጥቶ ይጠፋል።



ጎንደር ላይ ሂሊየም አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ከዚያ ቺፕ ጀምሮ ያልተበጠሰ ሰንሰለት ነው፦ አንዱ መለኪያ ከሌላው ጋር እየተነጻጸረ እስከ እናንተ የሚወርድ። አነስተኛ የ10 ቮልት ማጣቀሻ ሰሌዳ ግዙ። አዲስ አበባ ባሉት የካሊብሬሽን (የመለኪያ ማመሳከሪያ) ላብራቶሪዎች አስለኩትና ሰርተፊኬቱን ያዙ። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የስህተት ህዳጉ እና የተለካበት ሙቀት መጻፉን አረጋግጡ።

ሱቅ ስትመለሱ ሰሌዳውን ከፀሐይ አርቁት። የጎንደር ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፤ እኔ ረፋድ ላይ፣ ክፍሉ ሲረጋጋ እለካለሁ። ሰሌዳውን አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የቴስተሩን ገመዶች አገናኝታችሁ ዜሮ ማለቱን እዩ። ከዚያ አምስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ጻፉ።

የዚያን ሱቅ ቴስተሮች እንዲህ ፈተንናቸው። አንደኛው 10.00 አነበበ። ሁለተኛው 10.17፣ ማለትም 1.7 ከመቶ ከፍ ብሎ። ጀርባውን ስንከፍተው 9 ቮልት ባትሪው ደክሟል፤ ብዙ ርካሽ ቴስተር ባትሪው ሲደክም ከፍ አድርጎ ያነባል። አዲስ ባትሪ ገባለት፣ 10.01 አለ። ጠጋኙ ቀኑንና ቁጥሩን በፕላስተር ጽፎ ጀርባው ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ በዚሁ ቴስተር ያንን የመኪና ባትሪ ድጋሚ ለካው፦ 12.42።