ከቢጫው ካርድ ሌላ፦ ለወሎ ልጆች አብራሪዎች

ደሴ ውስጥ ክትባት ስሰጥ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ለእረፍት በኮምቦልቻ በኩል የሚመጡ አብራሪ ልጆቻችን የሚጠይቁኝ ስለ ቢጫ ወባ ካርድ ብቻ ነው። ኬላ ላይ የሚጠየቁት እሱን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማይጠይቃቸው ነው።

ብዙ ወራት ከሚፈጀው ጀምሩ። ሄፓታይተስ ቢን በአገራችን ሳያውቁት ተሸክመው የሚኖሩ ብዙ ስለሆኑ መጀመሪያ ደማችሁን ተመርመሩ። ነጻ ከሆናችሁ ሦስት ዙር ትወስዳላችሁ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ሦስተኛውን በበረራ ሰበብ የሚተው አይጠፋም፤ አብሽሩ፣ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀመርም። ሄፓታይተስ ኤን እዚህ ያደገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነቱ ታሞት አልፏል፤ ምርመራው ወጪ ሊያድንላችሁ ይችላል።

የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ ይበቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሮጌው ላይ የተጻፈው የ10 ዓመት ገደብ አያስጨንቃችሁ። ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚሄደውን ትጠይቃለች፤ አክራና ኪንሻሳም እንዲሁ። የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዚያው አረጋግጡ። የስም አጻጻፍ ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ ነው፦ አንዱ ሙሐመድ በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት ይጻፋል፤ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። ዋናው ካርድ የበረራ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ እናታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ካርድ ሙምባይ ላይ አያሳልፍም። እንቁላል ክፉኛ የማይስማማው ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው አስቀድሞ ይናገር። የኩፍኝ ክትባት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከዚህኛው በአራት ሳምንት ቢራራቅ ይመረጣል።

ኒያሜ፣ ንጃሜና ወይም ካኖ በደረቁ ወራት የምታድሩ ከሆነ አራቱን ዓይነት የሚከላከለውን የማጅራት ገትር ክትባት አትለፉ። ለዑምራ የሚሄድም ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይከተበው፤ ሳዑዲ ግዴታ አድርጋዋለች። የታይፎይድ በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ የቲታነስና የዲፍቴሪያ በየ10 ዓመቱ፣ የኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ይታደሳል።

ወባን በተመለከተ ለመንገደኛ የሚሰጥ ክትባት የለም። ደሴ ላይ ያደገ ሰው ከ2400 ሜትር በላይ ስለኖረ፣ ወባን የሚያውቃት ከባቲና ከከሚሴ በሚመጣ ወሬ ነው፤ ሰውነቱ አልለመዳትም። አጎበርና ክኒን ያስፈልገዋል። ሜፍሎኪን የሚባለውን ክኒን ግን አብራሪ አይወስድም፤ ያዞራል፣ አእምሮንም ያውካል። ዶክሲሳይክሊን ወይም አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር ይሆንላችሁ እንደሆነ የበረራ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በበረራ ዋዜማ አትከተቡ። የእረፍታችሁን የመጀመሪያ ቀን ምረጡ፤ የክንድ ሕመሙና ድካሙ በዚያው ያልፋል። ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለባችሁ ያው ሐኪም ይነግራችኋል፤ ትኩሳት ካለ ግን ሰዓቱ ቢሞላም አትብረሩ።