የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ ሲገዛ፦ ከቀለሙ በፊት ላሜራው

ፎርድ ሙስታንግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲያስተዋውቅ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ከውብ ቅርጹ ሥር ያለው አካል ግን በአብዛኛው የፋልከን ነው፣ ማለትም የርካሽ የቤተሰብ መኪና። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሚሊዮን ተመርቷል። ስለዚህ ሻጩ «ብርቅዬ ነው» ቢል አይቸኩሉ፤ ብርቅ የሚሆነው ያልበሰበሰውና ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየው ነው።

በመጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተው በአሽከርካሪው በኩል ባለው የውስጥ ፓራፋንጎ የላይኛው ጠርዝ ላይ የተቀጠቀጠውን የመኪናውን መለያ ቁጥር ያንብቡ። 5ኤፍ09ኤ (5F09A) ብሎ ከጀመረ፣ 5 የ1965 ሞዴል፣ ኤፍ የዲርቦርን ፋብሪካ ነው (አር ሳን ሆዜ፣ ቲ ሜታችን)። 09 ፋስትባክ (ጣሪያው እስከ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርድ)፣ 07 ሃርድቶፕ (ጣሪያው የማይታጠፍ ባለ ሁለት በር)፣ 08 ጣሪያው የሚታጠፍ ነው። ዋናው ቀጥሎ ያለው የሞተር ፊደል ነው፦ ቲ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 120 የፈረስ ጉልበት፤ ሲ፣ ኤ እና ኬ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደር)፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው 200፣ 225 እና 271።

በእነዚህ ዓመታት ጂቲ የተባለው የስፖርታዊ ዕቃዎች ጥቅል የተሸጠው ከኤ ወይም ከኬ ሞተር ጋር ብቻ ነበር። ፊደሉ ሲ ሆኖ የጂቲ ምልክት ከተለጠፈበት፣ ምልክቱ ኋላ የመጣ ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ ጎማ በ4 ቡሎን ይታሰራል፣ ቪ8ቱ በ5፤ ቪ8 ተገጥሞበት 4 ቡሎን ካዩ የተቀየረ መኪና ነው። በሩ ላይ ያለችው፣ ቁጥሩና የመኪናው መረጃ የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሳህን በሪቬት የተያዘች ናት፣ አዲስ አሠርቶ መለጠፍም ቀላል ነው፤ ከፓራፋንጎው ቁጥር ጋር ካልተስማማች ግዢውን ይተዉት። ለ1967 እና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት ማርቲ አውቶ ወርክስ የተባለው ድርጅት ከፎርድ መዝገብ ማስረጃ ያወጣል፤ ለ1965 እና ለ1966 ግን ይህ የለም።

ገንዘብ የሚበላው ዝገቱ ነው፣ ክፉውም ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ውስጥ ይደበቃል። ቅጠልና ጭቃ ተጠራቅሞ እርጥበት ይይዛል፤ ከዚያ ላሜራው ተበልቶ ውኃው እግር ማሳረፊያው ላይ ይወርዳል። ምንጣፉን ያንሱ፣ በማስገቢያው ቀዳዳዎች ላይ በአንድ ጎን ከዚያም በሌላው ጎን ለጥቂት ደቂቃ ውኃ ያፍስሱ፣ አንድ ሰው ከዳሽቦርዱ ሥር በእጅ ባትሪ ይመልከት። ጤነኛ ከሆነ ውኃው ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ወደ መሬት ይወርዳል። ጠብታ ከታየ ግን ጥገናው ብዙ የፋብሪካ ብየዳ ነጥቦችን ቆርጦ መክፈት ይጠይቃል፤ ሻጮች ብዙውን ጊዜ በማሸጊያ ቀብተው ያልፉታል።

ከዚያ በክሪክ አንሥተው ወለሉን፣ የፊትና የኋላ ተሸካሚ ብረቶችን እንዲሁም ከባትሪው ሥር ያለውን ላሜራ በመፍቻ እጀታ ያንኳኩ፤ የደነዘዘ ድምፅ ስቱኮ ወይም ዝገት ነው። ለብቻው የቆመ ሻንሲ ስለሌለው ጥንካሬው ራሱ አካሉ ነው። ተነሥቶ ሳለ በሩን ይክፈቱና ይዝጉ። በተለይ ጣሪያው የሚታጠፈው ላይ ከላይ በኩል ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ ከተጣበቀ፣ መሐሉ እየጎበጠ ነው።

እስከ 1966 የፍሬን ማስተሩ አንድ መስመር ብቻ ስለነበረው፣ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በባለ ሁለት መስመር የተተካ ማስተር ዋጋ አይቀንስም፤ የድሮው እንዳይጣል ብቻ ከመኪናው ጋር ይጠይቁ።